ባለ ሁለት ጅራቱ አንበሳ

ባለፈው እሑድ አስቀድሼ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በሐይቅ ከተማ ከአስፋልቱ ዳር ካለው የባጃጅ ጋራዥ ፊት ስደርስ፣ ላምባና የኑግ ዘይት ተቀላቅሎ ብረት ላይ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ከደጁ ተነሥቶ ተቀበለኝና ምርኩዜን ተደግፌ ቆምኩ። መንገደኛው ሁሉ የጋራዥ ሽታ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ለእኔ ግን የክረምት ሽታ ነው፣ የአባቴ የአለቃ ተክሌ እጅ ሽታ ነው፣ እናቴም ለብዙ ዘመን ይዛው ኖራ አንድ ጠዋት የለቀቀችውን ትንፋሽ የሚያስታውሰኝ ሽታ ነው።

ቤታችን ከሐይቁ ዳር፣ የገዳሙ ደወል ውሃውን ተሻግሮ በሚሰማበት ስፍራ ነበር። አባቴ በደብራችን ንባብና ቅኔ ያስተምር ነበርና በበጋ ከተማሪዎቹ ጋር ይውል ነበር፤ ክረምት ገብቶ ዝናቡ መንገዱን ሲዘጋው ግን ከአልጋው ሥር የዝግባ ሳጥኑን ስቦ አውጥቶ፣ ያረጁ ሽጉጦቹን በአጎዛ ላይ ይደረድራቸው ነበር። ሁሉም በጥንት ዘመን የጦር መኮንኖች በወገባቸው የታጠቋቸው፣ ጥይት የሚጎርሰው ሆዳቸው የሚሽከረከር፣ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ነበሩ፤ በጎናቸውም ሐረግ፣ አበባ፣ መስቀል ወይም አንበሳ ተቀርጾባቸው ነበር። ልሙጥ ሽጉጥ ያመጣለት ሰው ቢኖር፣ አዲስ እንኳ ቢሆን፣ «ይህ ገና አፍ አልፈታም» ብሎ ይመልሰው ነበር።

ዝገቱን በላምባና በኑግ ዘይት አሽቶ ካለቀቀ በኋላ፣ ከኩራዝ የሰበሰበውን ጥላሸት በቅባት ለውሶ በቅርጹ ላይ ይቀባና በጨርቅ ይጠርገዋል፤ ጥላሸቱ ከላይ ተጠርጎ በተቀረጸው ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ስለሚቀር፣ ዕድሜ የሸፈነው ሐረግና ፊደል ጥቁር ሆኖ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ «አስካለ፣ ነይ አንብቢልኝ» ብሎ ይጠራኝ ነበር፤ እኔም ፊደል የለየሁት በብራና ላይ ብቻ ሳይሆን በብረትም ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ትውልድ መቁጠሩ ይከተላል። አባቴ ሻጩን «ከማን እጅ አገኘኸው? እሱስ ከማን?» እያለ ጠይቆ፣ በለቅሶና በሠርግ ከተሰበሰቡ ሽማግሎች አጣርቶ፣ ይህ ከመስኮብ አገር መጥቶ ለእገሌ ተሸልሟል፣ ያኛው በጦር ሜዳ ተማርኮ ለእገሌ ደርሷል እያለ እስከ መጀመሪያው ባለቤት ድረስ ወደ ኋላ ይቆጥር ነበር። «ሰው በአባት ይቆጠራል፤ ሽጉጥ ግን በእጅ ይቆጠራል» የሚል አባባልም ነበረው። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ጥይቱን የምትመታውን መርፌ ነቅሎ፣ «በቃ፣ ዕረፍ» ብሎ በምሰሶው ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ ቅል ውስጥ ይጨምራታል።

እናቴ ትቀልድበት ነበር። «የሰው ባል ከገበያ ጨው ይዞ ይገባል፤ የእኔ ባል ዝገት ይዞ ይገባል» ትል ነበር። ይሁን እንጂ አዲስ የመጣ ሽጉጥ ከጨርቁ በተፈታ ቁጥር የያዘችውን አስቀምጣ፣ ከደጃፉ ላይ ቆማ ግራ ጎኑን ብቻ ትመለከትና «አይደለም» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። ያን ቃል ስትናገር ትከሻዋ ዝቅ ሲል ዐይ ነበር፤ ማዘኗ ይሁን ማረፏ ግን አይገባኝም ነበር።

ምክንያቱን ያወቅሁት ነፍስ ሳውቅ ነው። የእናቴ አባት፣ ግራዝማች አበራ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ አምባሰል ገደል ወጥተው ከአርበኞች ሊቀላቀሉ ሲሄዱ፣ ያኔ ጎልማሳ የነበረው ጎረቤታችን ሸህ ሰይድ በቅሏቸውን እየነዳ ሸኝቷቸው ነበር። ሸህ ሰይድ ከቀናት በኋላ የግራዝማችን በቅሎ እየሳበ ብቻውን ተመለሰ። «ከገደሉ ሥር ስንደርስ፣ ከዚህ በላይ በቅሎ አይወጣም፣ ለልጆቼ አድርስልኝ ብለው መለሱኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ግራዝማችን ያየ ሰው አልተገኘም። ጌታው ቀርቶ በቅሎዋ መምጣቷ ለቤተ ዘመዱ መርዶም ክስም ሆነ፤ በወገባቸው ለታጠቁት ሽጉጥ ሲል ገደላቸው ተባለ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ እሸቴ፣ በዚህ ነገር አደገ። ጎልማሳ ሆኖ ጠመንጃ በያዘ ጊዜ፣ በአገራችን አበጋር የሚባሉት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ቃላቸውን የሚያከብረው የእርቅ ሽማግሎች መሐል ገብተው አስማሉት፤ የአባቱ ሽጉጥ እስኪገኝ ድረስ እጁን አያነሣም፣ ሽጉጡ ከተገኘ ግን ከግራዝማች ቀጥሎ የመጀመሪያ እጅ ሆኖ የተገኘው ሰው ለደሙ ይጠየቃል። አጎቴም በበኩሉ «ደሙ ሳይመለስ ተዝካሩ አይወጣም» ብሎ ማለ። ስለዚህ አያቴ ፍትሐት ሳይደረግላቸው፣ ስማቸው በቤተ ክርስቲያን ሳይነሣ ቀሩ። ሁለቱ ቤቶች እሳት መጫጫር አቆሙ። የሸህ ሰይድ የፊት በር ከእኛ መንገድ ጋር ፊት ለፊት ስለነበር፣ በእሾህ ዘግቶት በጓሮ በኩል ይወጣና ይገባ ነበር።

የሽጉጡ ምልክት ከሌላ ጋር የሚሳሳት አልነበረም። በግራ ጎኑ አንበሳ ተቀርጾበት፣ ቀራጩን መሣሪያው አምልጦት የአንበሳው ጅራት ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አያቴም በሕይወት ሳሉ «የእኔ አንበሳ ዝንቡን በሁለት ጅራት ነው የሚከላከል» እያሉ ልጆቻቸውን ያስቁ ነበር አሉ። አባቴ እናቴን ካገባ በኋላ ያረጀና የተቀረጸበት ሽጉጥ ወዳጅ መባልን የፈለገው፣ ያ አንበሳ አንድ ቀን ከተሸሸገበት ቢወጣ ከአጎቴ በፊት ወደ እሱ ይመጣ ዘንድ ነው። ሽጉጡን የሚሻው ብዙ ነበር፤ ታሪኩን የሚሻ ካልተገኘ ግን ሸህ ሰይድ ይሞት ነበር፣ አጎቴም ነፍሰ ገዳይ ይሆን ነበር። እግረ መንገዱንም አባቴ በቅርጹ ፍቅር ተነድፎ ቀረ።

አንድ ዓመት መስከረም፣ ደመራው ተቃጥሎ አመዱ ሳይበርድ፣ አባቴ ከውጫሌ ገበያ ተመልሶ እናቴን ሳይጠራ ወደ ጓዳ ገባ። እሷ ግን ተከትላው ገባች፣ ጨርቁ ሲፈታም አየች። እንደ ልማዷ «አይደለም» አላለችም፤ ካለችበት ቁጭ አለች።

«እሱ ነው» አለች። «ሁለት ጅራት።»

«እሱ መሆኑን እንጂ ከማን እጅ እንደ መጣ ገና አናውቅም» አላት አባቴ። «ወንድምሽ እንዳይሰማ።»

ቀኝ ጎኑን ጥላሸት ቀብቶ ጠርጎ ጠራኝ። ከሐረጉ መካከል ፊደላት ወጡ፤ ገብረ ሰንበት ይላል ብዬ አነበብኩለት። እናቴ በቤተ ዘመዱ እንዲህ የሚባል ሰው እንደሌለ ተናገረች። አባቴ የክርስትና ስም መሆኑን ወዲያው ዐወቀ፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የክርስትና ስም መተተኛ እንዳይሠራበት እየተባለ ከወላጅና ከነፍስ አባት በቀር ለማንም አይገለጥም ነበር፣ የአያቴን የሚያውቁትም ሁሉ ዐርፈው ነበር። «የሟችም ሊሆን ይችላል፣ የገዳይም፣ ሽጉጡን ቀድሞ የያዘው የሌላ ሰውም» አለና ሳጥኑን ቆልፎ፣ መንገዱ እስኪደርቅ ጠበቀ። በጥቅምት ወር ሁሉ እናቴ የአጎቴን ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇ ሥራውን ያቆም ነበር።

ሽጉጡን የሸጠው ነጋዴ ከአምባሰል ሥር ከምትኖር እመት ዘሀራ ከምትባል መበለት እንደ ገዛው ተናግሮ ነበርና፣ የኅዳር ሚካኤል ባለፈ ማግስት አባቴ እኔን በበቅሎ አፈናጥጦ ተነሣ። ለምን እኔን እንደሚወስድ እናቴ ብትጠይቀው፣ «ሴት ልጁን ይዞ የመጣን ሰው ለጠብ መጣ የሚለው የለም» አላት።

እመት ዘሀራን ከአውድማዋ ላይ ማሽላ ስታበጥር አገኘናት። አባቴ ሰላምታ ሰጥቶ ሽጉጡን ከነጨርቁ መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ሰፌዷን አወረደችና፣ «አብሽሩ፣ ግቡ» አለች። «ይህ ብረት አንድ ቀን ሰው ይዞ እንደሚመጣ ልቤ ነግሮኝ ነበር። ምነው እንዲህ ቆያችሁ?»

ነገሩንም እንዲህ አወጋችን። ባልዋ ከገደሉ ሥር አንድ ሰው በንዳድ ወድቆ አግኝቶ አዝሎ ወደ ቤት አገባው። «ወላሂ አለቃ፣ የምንችለውን ሁሉ አደረግን፤ ሆዱ ግን ከወተት በቀር አልቀበል አለ። ስምዎ ማን ነው ብንለው፣ ስሜን ጣልያን የሰማ ቀን ልጆቼን ያቃጥላቸዋል አለ። ቄስ ካላመጣችሁልኝ ብሎ ቢለምነን፣ ባሌ ወጥቶ ከጣልያን ሸሽቶ በዋሻ የተቀመጠ መነኩሴ ይዞለት መጣ። ተናዘዘና በሰላም ዐረፈ። መነኩሴው እየጸለየ ባሌ እየቆፈረ፣ ከቤተ ክርስቲያናችሁ አጸድ ቀበሩት። ባሌም ጥግ ይዞ ዱዓውን አደረገ፤ ምን ያድርግ ታዲያ፣ እጁ ላይ የሞተ እንግዳ ነው!»

ሽጉጡን ሟቹ ላስታመመው ሰጥቶት ነበር፤ ባልዋም መሣሪያ የተገኘበት ቤት በሚቃጠልበት ዘመን በባዶ ቀፎ ውስጥ ሸሽጎት፣ አንድም ቀን ሳይተኩስበት ኖሮ ሞተ። «ብረት ባለበት ቤት መበለት እንቅልፍ የላትም ብዬ ሸጥኩት» አለች።

«መነኩሴው የወዴት አገር ሰው ነበሩ?» አላት አባቴ።

«የሐይቅ ነኝ ብሎን ነበር። የግራ እጁ አውራ ጣት የለችም።»

አባቴ ይህን ሲሰማ እጁን በአፉ ላይ ጫነ። አባ ወልደ ማርያምን፣ በየበዓሉ መስቀላቸውን የሚሳለመውን የገዳሙን አዛውንት፣ በዚያች በጎደለች አውራ ጣት የማያውቃቸው ሰው በአገራችን አልነበረም።

እዚያ አድረን ስንመለስ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቋ ነበር። አጎቴ እሸቴ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከቤታችን ውስጥ ተቀምጧል፤ እናቴ ከደጅ ቆማለች፤ በደጃፉ ላይም መቀነቷ ከመቃን እስከ መቃን ተዘርግቷል። የነጋዴው ወሬ ከገበያ ወጥቶ አጎቴ ዘንድ ደርሶ ነበርና፣ ሽጉጡን ፍለጋ መጥቶ ቢያጣው ወደ ሸህ ሰይድ ቤት ሊሄድ ሲነሣ፣ እናቴ መቀነቷን ፈትታ «ይህን ብትሻገር የእናታችንን ጡት እንደ ረገጥህ ይቆጠር» አለችው። እህት የዘረጋችውን መቀነት የሚሻገር ወንድም የለምና፣ ከጠዋት ጀምሮ እየፎከረ እዚያው ተቀምጦ ዋለ።

«አንበሳው ተገኝቷል ይባላል፣ አለቃ» አለ አጎቴ።

«ተገኝቷል።»

«ከማን እጅ?»

አባቴ የሰማውን ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረው። አጎቴ መራራ ሣቅ ሣቀ። «እስላም ለእስላም መሰከረ! ሰይድ ልኮባት ይሆናል። አንተም አለቃ፣ በስተርጅና የሴት ተረት ተሸክመህ መጣህ?»

«መነኩሴ ቢመሰክርስ?»

አጎቴ ቀና ብሎ አየው፤ አባቴም ቀጠለ።

«ነገ ጠዋት ገዳም እንሄዳለን። እስከዚያ መቀነቷ ካለበት አይነሣም።»

በማግስቱ ከሐይቁ ዳር ዳር ተጉዘን ገዳሙ ደረስን። ሴት ወደ ውስጥ ስለማትገባ እናቴና እኔ ከወሰኑ ላይ ከወይራው ሥር ቀረን፤ አባቴም አባ ወልደ ማርያምን ደግፎ ወደ እኛ አወጣቸው። አጎቴ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሞ ነበር።

«ልጄ፣ ያንን አስቀምጠህ ቅረብ» አሉት። «እዚህ ዐሣው እንኳ በመረብ ነው የሚያዝ።»

አባቴ ሽጉጡን ከጋቢው ሥር እንደ ደበቀ፣ በአምባሰል ስለ ቀበሩት እንግዳ ጠየቃቸው። አዛውንቱም፣ «ኑዛዜው ከእኔ ጋር ይቀበራል፤ መቃብሩ ግን ምሥጢር አይደለም፣ አሳያችኋለሁ» አሉ። «ውሃ ሳጠጣው ያወጋኝንም ልንገራችሁ። ልጆቼ አይቸገሩም፣ በቅሎዬን አንድ የታመነ ሰው ይዞላቸው ሄዷል ብሎኛል።»

የአጎቴ ፊት ተለወጠ። «ስሙስ?» አለ።

«የዓለም ስሙን ሸሸገኝ። የክርስትና ስሙን ግን ቀብሬው ከተመለስኩ ጀምሮ በየቅዳሴው ሳላነሣው የቀረሁበት ጊዜ የለም። ገብረ ሰንበት።»

የእናቴ ጣቶች እጄን ጨመቁት። አባቴ ሽጉጡን አውጥቶ በቀኝ ጎኑ ገልብጦ ሊያነብ ሲል አጎቴ እጁን ያዘው። «አንተ አታንብብ። አስኩ፣ ነይ አንቺ። ምን ይላል?»

ጣቴን ከፊደል ፊደል እያሳለፍኩ አነበብኩለት። ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩት። እሱ ማንበብ አይችልም ነበርና እኔ ባሳለፍኩበት ላይ የራሱን ጣት አሳልፎ፣ ገልብጦም ሁለቱን ጅራት ዳሰሰ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ማንን ስጠላ ኖርኩ?» አለ።

እናቴ ግን ወደ ውሃው ዘወር ብላ፣ «ስሙ ሲነሣ ኖሯል» አለች፤ «አባቴ ያለ ጸሎት ቀረ እያልኩ ሳለቅስ፣ ከዚህ ከውሃው ማዶ ሲነሣ ኖሯል!» ብላ እንባዋ እየወረደ እልልታዋን ለቀቀችው። አባ ወልደ ማርያምም መቋሚያቸውን አንሥተው፣ «ቀስ በይ ልጄ፣ መነኮሳቱ የልደት በዓል የደረሰ ይመስላቸዋል» ቢሏት፣ በነቢያት ጾም መጀመሪያ ሁላችንም ሣቅን። እናቴ ከሆዷ ስትሥቅ ያየሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

ከገዳሙ እንደ ተመለስን አጎቴ በአገራችን ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ በእሾህ ወደ ተዘጋው የሸህ ሰይድ የፊት በር ሄደ፤ ከአበጋሮቹም ሁለቱ ተከተሉት። ሸህ ሰይድ በአጥሩ ቀዳዳ አየው። ቃሉ ሲነገረው፣ ይመጣል ብለን የጠበቅነው ቁጣ አልመጣም። «ጣለው፣ ጣለው ያንን ድንጋይ፣ ወገብህን ትሰበራለህ» አለ። «እኔስ ለዚያች በቅሎ አሏህ አፍ ይስጣት ብዬ ስንት ዱዓ አደረግኩ!» ከዚያ ድምፁ ተለወጠና፣ «ካሳ አልፈልግም። አባታችሁ ነፍሰ ገዳይ አይደለም ብለህ ለልጆቼ በአፍህ ንገርልኝ» አለ። አጎቴ ልጆቹን በየስማቸው ጠርቶ እያለቀሰ ነገራቸው። የሸህ ሰይድ ሚስት እሾሁን ከበሩ ስትነቅል እሱ ዐይኑን እየጠረገ፣ «እንግዲህ የጓሮው በር ሥራ ፈታ» አለ።

በጥር ወር የአያቴ ተዝካር በክርስትና ስማቸው ወጣ። በሬ በሁለቱም ወገን ታርዶ፣ ክርስቲያኑ በዚህ እስላሙ በዚያ ድንኳን ሲበላ፣ እመት ዘሀራ ከአምባሰል መጥታ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። አበጋሮቹም ሽጉጡ የአንዱ ብቻ እንዳይሆን፣ አንድ ዓመት በእኛ ቤት፣ አንድ ዓመት በሸህ ሰይድ ቤት ይደር ብለው ፈረዱ። አባቴ መርፌውን በሁሉ ፊት ነቅሎ ከምሰሶው ባወረዳት ቅል ውስጥ ጨምሮ ለአጎቴ ሰጠው፤ አጎቴም ቅሏን አፏን ደፍኖ ወደ ሐይቁ ወረወራት። ቅል አይደለች፣ ተንሳፈፈች! ሸህ ሰይድ «መርፌዎቹም ሰላሙን ሳናይ አንሰጥምም አሉ» ብሎ አሳቀን፤ እኛ ልጆች በድንጋይ መትተን እስክንሰብራት ድረስ ማዕበሉ ሲያሾራት ቆየ።

አባቴ ከዚያ በኋላም መሰብሰቡን አልተወም፤ እናቴ ግን ጨርቁ ሲፈታ ግራ ጎኑን ፈልጋ «አይደለም» ማለቷን ትታ፣ «ይህቺስ አበባ አማረች» ማለት ጀመረች።

አባቴ ሲያርፍ ሳጥኑን በኑዛዜው መሠረት ለገዳሙ ዕቃ ቤት ሰጠን። አንበሳው ብቻ አበጋሮቹ እንደ ፈረዱት እየተዛወረ፣ ሰዎቹ ሁሉ ካለፉ በኋላም ቤት ሳያሳስት ኖሯል። ባለፈው እሑድ ሽታው ያቆመኝ ጋራዥም የሸህ ሰይድ የልጅ ልጅ፣ የሙሐመድ ነው፤ ጅዳ ሠርቶ ተመልሶ ባጃጅ ይጠግናል፤ የዘንድሮው ተረኛ እኔ ስለሆንኩ ከማስረከቡ በፊት አንበሳውን ያሸው ነበር።

«እማማ አስካለ፣ በስልክ አይቼ ነው ያጸዳሁት፤ አበላሸሁት እንዴ?» አለኝ።

«ብረቱ ጠርቷል፣ ተባረክ። ጥላሸቱን ግን ረስተኸዋል፤ ሳይቀባ ስሙ አይወጣም።»

«ጥላሸትማ ከባጃጅ ጭስ ማውጫ ሞልቷል!» ብሎ ሣቀና ጣቱን ሰደደ።

ያኔ የምንቀባው የኩራዝ ጥላሸት ነበር፤ ዛሬ የባጃጅ ሆኗል፣ ዐይኔም ፊደሉን ያለ መነጽር አይለየውም። በዘመናችን የመሣሪያ ወሬ በዚህ መንገድ ደጋግሞ አልፏል፣ ብዙ እናቶችም እጃቸው ሥራውን እያቆመ አዳምጠውታል፤ እግዚአብሔር ለሁሉም እንደ እናቴ ያለ ጠዋት ያምጣላቸው። ልጅ ሳለሁ ሽጉጡ ተገኘ በተባለ ጊዜ እናቴ መቀነቷን ፈትታ በደጃፉ ላይ ዘረጋች፤ ዛሬ ሽጉጡ ሊመጣ ነው ሲባል እኔ ደጃፉን ጠርጌ፣ በሩን ከፍቼ እጠብቃለሁ።